የእንቅልፍ ዘበኛ

ውባየሁ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቦንጋ የተመደበው በ1995 ዓ.ም. ነበር፤ በአንድ የዞን መምሪያ የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ሆኖ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጎድልበት ተኝቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያድራል፣ ጅብ ከጫካው ወርዶ አጥር ሥር ይጮኻል፣ እሱ ግን አይሰማም። እንቅልፉ የጠፋው በ1997 ሰኔ ላይ አንድ ሪፖርት ከፈረመ በኋላ ነው።

ሪፖርቱ የቡና ችግኝ ነበር። ከወረዳዎቹ ተሰብስቦ የመጣው ቁጥር ሲደመር ዘጠኝ መቶ ሺህ አልሞላም። የመምሪያው ኃላፊ አቶ ነቢዩ ወረቀቱን አይተው ወደሱ መለሱት።

«ይሄ ምንድነው? ዕቅዳችን ሁለት ሚሊዮን አይደለም እንዴ?»

«የተተከለው ይሄው ነው።»

«ክረምቱ መች ወጣና? ይተከላል። አስተካክለህ ጻፈው።»

አስተካክሎ ጻፈው። ከግርጌው «ያዘጋጀው» በሚለው መስመር ላይ ስሙን አስፍሮ ፈረመ። አቶ ነቢዩ የፈረሙት ሸኚው ደብዳቤ ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲሆን ማንም ሳይቀሰቅሰው ይነቃል። ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ያልበዋል። ችግኙን ሊቆጥር የሚመጣ ሰው ይታየዋል። ሰውየው በጭቃው መሐል እየሄደ «የት አለ? የት አለ?» ይላል። እስኪነጋ ይገላበጣል። ቀን ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ እያንቀላፋ ሰው ሲገባ ደንግጦ ይነሣል።

መጀመሪያ አረቄ ሞከረ። አረቄው ያስተኛውና ያንኑ ስምንት ሰዓት ጠብቆ፣ ከራስ ምታት ጋር ይቀሰቅሰዋል። ቀጥሎ ወደ ሰላሐዲን መድኃኒት ቤት ሄደ። ሰላሐዲን ኪኒን አልሰጠውም።

«ከምሳ በኋላ ቡና አትጠጣ» አለው።

«ካፋ ውስጥ ተቀምጬ?»

«ካፋ ውስጥ ተቀምጠህ። ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ሲልህ አልጋው ላይ አትታገል። ተነሥተህ ወንበር ላይ ቁጭ በል። ሲመጣልህ ተመለስ።»

ውባየሁ የሚኖረው በእትዬ ወለተሥላሴ ግቢ ውስጥ ከሚከራዩት ሁለት ክፍሎች በአንደኛው ነበር። ክፍሎቹን የሚለያቸው የጭቃ ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም፤ ከላይ የቀረው ክፍተት የተሸፈነው በጆንያ ኮርኒስ ነው። በወዲያኛው ክፍል ናዝራዊት ትኖራለች። የዋጫ ከተማ ልጅ ናት፤ እዚያው መምሪያ ውስጥ ሠራተኛ ክፍል በኮንትራት ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ በመካነ ኢየሱስ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። ቢሮ ውስጥ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም።

ውባየሁ የሰላሐዲንን ምክር ሰምቶ ወንበሩ ላይ በተቀመጠበት በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው በቀስታ ተንኳኳ።

«ውባየሁ፣ አልተኛህም?»

«ወንበሩ ሲንቋቋ ቀሰቀስኩሽ መሰለኝ። ይቅርታ።»

«አልቀሰቀስከኝም። እኔ መተኛት እፈራለሁ።»

በጨለማ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ፊት ለፊት ቢሆኑ የማትናገረውን ነገረችው። ህይወት የምትባል ታናሽ እህት ነበረቻት፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ነበር የሚተኙት። አንድ ሌሊት ህይወት ብርድ ልብሱን ወደራሷ ስትስብ፣ ናዝራዊት መልሳ ሳበችባትና ተኛች። ጠዋት ስትነካት ቀዝቅዛለች። ምን እንደገደላት ያወቀ የለም። ከዚያ ወዲህ ናዝራዊት ዓይኗ ሊከደን ሲል የምትሞት ይመስላታል። ትንፋሿ ይቆረጥና ብድግ ትላለች።

ውባየሁ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ «እኔ እንደሆን አልተኛም» አላት። «ትንፋሽሽ እዚህ ድረስ ይሰማል። አንቺ ተኚ። ዝም ካልሽብኝ ግድግዳውን እደበድባለሁ።»

ሳቀች። ብዙም ሳትቆይ ተኛች። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ ትንፋሿን ሲያዳምጥ ነጋለት፤ የሚገርመው፣ ያን ሌሊት ችግኝ ቆጣሪው ሰውዬ አልመጣበትም።

ይሄ ነገር ልማድ ሆነ። ማታ ማታ «ነቅተሃል?» ትለዋለች፤ «ነቅቻለሁ፣ ተኚ» ይላታል። ፊቷ እየፈካ ሄደ። መዘምራኑ ሳይቀሩ «ምን በላሽ?» አሏት። እሱም ፍርሃቱ ሥራ ያገኘ መሰለው። አንዳንድ ቀን እሷን አስተኝቶ፣ ወደ ንጋት ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ይጥለው ጀመር።

ጥቅምት ላይ የሪፖርቱን ነገር በሙሉ አጫወታት። ትክክለኛው ቁጥር ስንት እንደነበረ፣ ማን ምን ብሎ እንዳዘዘው፣ የት ላይ እንደፈረመ፣ አንድም አላስቀረም።

«አንተ ምን ታደርግ?» አለችው። «ያዘዙህ እሳቸው። እምቢ ብትል ያባርሩህ ነበር።»

ሰው እንዲህ ብሎት አያውቅም። በነጋታው ከገበያ አንድ እሸት በቆሎ ገዝቶ በሯ ላይ አስቀመጠላት።

ጥር ላይ ከክልል አጣሪዎች መጡ። በጭቃው ገብተው ችግኝ ቆጠሩ። ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኛው ሁሉ ለግምገማ አዳራሽ እንዲገባ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

በግምገማው ዋዜማ፣ አቶ ነቢዩ ናዝራዊትን ቢሮአቸው ጠሩ። ወንበር ሰጧት፤ ሻይ አዘዙላት።

«ከውባየሁ ጋር በግድግዳ እንደምታወሩ እትዬ ወለተሥላሴ ለባለቤቴ አጫውተዋታል» አሏት። «አትደንግጪ፣ ነውር የለውም። ስለ ሪፖርቱ የነገረሽ ነገር አለ?»

የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ያዘች።

«የኮንትራትሽ ጊዜ በዚህ ወር ያልቃል። ቋሚ እንድትሆኚ የተጻፈው ደብዳቤ ይኸውልሽ፣ እዚህ ነው። እናትሽን የምታኖሪው አንቺ ነሽ አሉ።» ደብዳቤውን አዙረው አሳዩዋት። ያልተፈረመ ነበር። «ቁጥሩን የጻፈው እሱ አይደለም እንዴ? እኔ ዋሺ አላልኩሽም። የጻፈው እሱ መሆኑን ብቻ ተናገሪ።»

ያን ማታ እንደወትሮው ግድግዳውን አንኳኳች።

«ነቅተሃል?»

«ነቅቻለሁ። ነገን እያሰብኩ።»

«ዛሬም ትጠብቀኛለህ?»

«እጠብቅሻለሁ፣ ተኚ።»

ተኛች። እስኪነጋ ጠበቃት።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከክልል የመጡት ሁለት ሰዎች ከፊት ተቀምጠዋል፤ አቶ ነቢዩ ከጎናቸው። ውባየሁ እንዲነሣ ተደረገ።

«ቁጥሩን ያዛባኸው አንተ ነህ?» አለው አንደኛው።

«ታዝዤ ነው። አቶ ነቢዩ ናቸው አስተካክለህ ጻፈው ያሉኝ።»

አቶ ነቢዩ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ የተቆጡ ሳይሆን ያዘኑ መስለው። «ሰው ጥፋቱን ከማመን ይልቅ አለቃውን ማጠልሸት ይቀለዋል። ይህንን ባለሙያ በቅርብ የሚያውቁት አስተያየት ይስጡ።»

ናዝራዊት እጇን አወጣች። ውባየሁ ሲያያት ደስ አለው። ልትመሰክርለት መስሎት ነበር።

«ቁጥሩን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ ብሎ በአንደበቱ ነግሮኛል» አለች። ድምጿ ልክ ደብዳቤ እንደምታነብ ነበር። «ትክክለኛውን ቁጥር እያወቀ። ከዚያ ወዲህም ሌሊት እንቅልፍ የለውም። ያልበዋል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድራል፣ ብቻውን ያወራል።»

ከኋላ አንዱ፣ «ንጹሕ ሰውማ ይተኛል!» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከክልል የመጣው ሰውዬም አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ።

ውባየሁ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀና ወደሷ ዞረ። «ያዘዙኝ እሳቸው መሆናቸውንም ነግሬሻለሁ፣ ናዝራዊት። እሱንም ንገሪያቸው።»

ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «እሱን አልሰማሁም።»

ውሳኔው በዚያው ቀን ወጣ። ከደረጃው ዝቅ ብሎ፣ የሦስት ወር ደመወዝ ተቀጥቶ፣ ራቅ ብሎ ወዳለው ደካ እንዲዛወር። አቶ ነቢዩ «በክትትል ማነስ» ምክር ተሰጣቸው። የናዝራዊት ደብዳቤ ከሰዓት በኋላ ተፈረመ።

የዚያን ማታ ውባየሁ መብራት ሳያበራ ልብሱን ለብሶ አልጋው ላይ ተጋደመ። ሦስት ሰዓት አካባቢ ግድግዳው ተንኳኳ። አልመለሰም።

«ውባየሁ፣ እንዳልተኛህ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። እናቴ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ሌላ ምን ላድርግ?»

ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ። አለቀሰች፤ ሰማት። ከዚያ ጸጥ አለች፤ የተኛች መሰለው። ስምንት ሰዓት ላይ ከአልጋዋ ብድግ ስትል ጠርሙስ ነገር ተንከባለለ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር፤ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ሰው።

«ውባየሁ! መጣብኝ፣ ልቤ ልትቆም ነው። ሌላ አልለምንህም፤ ዛሬ ብቻ ጠብቀኝ። ነገ ቤት እለቃለሁ።»

ውባየሁ ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። እጁን ጭቃው ላይ አሳረፈ። ድምፁን እንደወትሮው ለስለስ አድርጎ «ተኚ» አላት።

«ትጠብቀኛለህ?»

«ተኚ አልኩሽ። እህትሽም የተኛችው እኮ አጠገቧ ሰው እያለ ነው።»

ከወዲያ ምንም ድምፅ አልመጣም። ትንፋሿም አልተሰማም። እሱም ለመስማት አልቆየም። ጫማውን አወለቀ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ፤ ከሰባት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛ። ሕልም እንኳ አላየም።

የቀሰቀሱት እትዬ ወለተሥላሴ ናቸው። በሩን እየደበደቡ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አድርገሃት ነው? ማድ ቤት ደፍ ላይ ስትንቀጠቀጥ አደረች! ካፊያው እየመታት! ግቢ ብላት፣ እዚያ ክፍል አልገባም አለችኝ። ምን አልካት?»

«ምንም» አለ። ዓይኑን አሻሸ። ሰውነቱ ቀሎት ነበር፣ ራበውም። ቆጮና ጎመን አስመጥቶ እስኪጠግብ በላ። በሦስተኛው ቀን ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ደካ ሄደ።

ደካ ላይ ጥሩ እንቅልፍ ነበረው። አዲሶቹ የሥራ ባልደረቦቹ፣ በማንኮራፋቱ ሳይቀር፣ «አንተ ስትተኛ ቤቱ የሚፈርስ አይመስልህም?» እያሉ ይቀልዱበታል። ናዝራዊትን በግድግዳው ያላትን ሲያስብ «የእጇን ነው ያገኘችው» ይላል ለራሱ። ከዚያ ሌላ ነገር ያስባል። አንድ ጊዜ ከቦንጋ የመጣ ሾፌር፣ ያቺ የሠራተኛ ክፍሏ ልጅ ሥራዋን ለቃ አገሯ ገባች ብሎ ሲያወራ ሰማ። ቋሚ ሆና አራት ወር አልሠራችም። ውባየሁ «እህ» አለና መንገዱ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይደርቅ እንደሆነ ጠየቀው።

ያገኛት በሁለተኛው ዓመት፣ ሺሺንዳ ላይ ነው። ከሚዛን ወደ ቦንጋ ሲሄድ የአውቶቡሱ ጎማ ፈነዳና ተሳፋሪው ወረደ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰዉ ብዙ ነው። ሙዝ ሊገዛ ሲዞር፣ አንዲት ሴት እናቷ እጇን ይዘዋት ግንድ ላይ ተቀምጣ አየ። መጀመሪያ አላወቃትም። ፊቷ ገርጥቷል፣ ጸጉሯ ከግንባሯ ሸሽቷል። ያወቀችው እሷ ናት።

«ውባየሁ ነህ?»

«ነኝ» አለ። ለመሄድ እግሩን አንቀሳቅሶ ቆመ።

ቀና ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም፤ ያን ቢያይ ይሻለው ነበር። «ትተኛለህ አሁን?»

«እተኛለሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ከልቧ። ከዚያ ዓይኗን ወደ ገበያው መለሰች።

እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ማን እንደሆነ አላወቁትም። የቢሮ ሰው መሆኑን ከጫማውና ከቦርሳው ገምተው፣ በሚደናቀፍ አማርኛ ችግራቸውን ያወሩለት ጀመር። «ልጄ ሌሊት አትተኛም። እኔ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ ብተኛ ትጮኻለች። ቀን እኔ እተኛለሁ። ማሳው አረም በላው፣ ቡናውን ሌላ ሰው ለቀመ። ጸሎት ቤት ወሰድኩ፣ ጠበል ወሰድኩ። አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ላድርግ?»

ውባየሁ ሙዙን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ያን ሌሊት ያላትን የሚሽር፣ ሊናገረው የሚገባ አንድ ነገር እንዳለ ያውቃል። ናዝራዊት አጠገቡ ናት፣ ብትሰማው ምናልባት ... አፉን ከፈተ።

«ጅማ ውሰዷት» አለ። «እዚያ ለእንዲህ ያለ ሕመም ሐኪም አለ ይባላል።»

«የመንገዱን ከየት አምጥቼ?» አሉ እናቷ።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ውባየሁ ሙዙን በሙሉ እናቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠ። ወይዘሮ ብርቄ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቁት፣ እድሜ ይስጥህ፣ ክፉ አይንካህ፣ ልጅ ውለድ እያሉ። ናዝራዊት አላየችውም።

አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ወንበሩን ሌላ ሰው ይዞበታል። ቦታው የኔ ነው ብሎ ለመከራከር አቅም አጣ። እስከ ቦንጋ ቆሞ ሄደ።