አንሶላ የተከናነበው ሰውዬ

ሸዋገነት ብርድ ልብስ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ሱፉን ከቅልቅሉ የምትለይ፣ መርካቶ ራጉኤል አካባቢ የተከበረች ነጋዴ ናት። ልጇ ሩታ የሠራችው ፊልም ግን መያዣ መጨበጫው ጠፋባት። ሩታ ፊልሙን በቴሌግራም ልካላት ከሥሩ "እማ፣ እዪልኝ። ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ ይታያል፤ ትመጫለሽ?" ብላ ጽፋለች። ሸዋገነት ገበያው ፋታ ሲሰጣት መስተዋቱ በተሰነጠቀው ስልኳ ደጋግማ አየችው። መልስ ሳትሰጥም ሳምንቱ ተጋመሰ።

ፊልሙ ንግግር የለውም። አንድ የብርድ ልብስ ሱቅ አለ፤ ውጭው ፀሐይ ሆኖ ሱቁ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። መደርደሪያው ላይ ፍየል ቆማለች፤ ማን እንዳወጣት እግዜር ይወቅ። አንዲት ሴት ዝናቡ እየወረደባት ትሸጣለች፣ ትለካለች፣ ትጠቀልላለች። ከአጠገቧ በርጩማ ላይ፣ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ነጭ አንሶላ የተከናነበ ሰው ተቀምጧል። ገዢዎች ይገቡና እሱን አልፈው ዕቃ ያነሣሉ። አለቀ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ነው እንግዲህ ሰው ፊልም ሥራ ዓመታት የሚማረው!

ነገሩ የማይገባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሸዋገነት ስቃ ትተወው ነበር። ያስፈራት የገባት ስለመሰላት ነው። ባሏ አሸብር የሞተ ጊዜ፣ ሰልስቱ በወጣ ማግስት ሱቋን ከፍታለች። መርካቶ አፍ አያጣምና "አፈሩ እንኳን ሳይደርቅ" ተባለላት። እሷ የወጣችው ያ ባዶ አልጋ እያፈጠጠባት ቤት መዋል ስላቃታት ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አላስረዳችም። ሩታም ያኔ ቃል አልተነፈሰችም። እና አሁን፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ ይዛ ኖራ፣ ያባቷን መግነዝ ሱቅ ውስጥ ጎልታ እናቷን በሰው ፊት ልታሳጣት ነው? እንደዚያ ከሆነ ቅዳሜ አትሄድም። ከዚያ በኋላም ከልጇ ጋር እንዴት አንድ ማዕድ እንደምትቀርብ አታውቅም።

ሐሙስ ከሰዓት ስልኳን ይዛ ሲኒማ ራስ ጀርባ ወዳለው ጠይብ ሱቅ ሄደች። ጠይብ የውጭ ፊልም በአማርኛ እየተረከ ፍላሽ ላይ የሚጭን የወሎ ልጅ ነው። በሱ ፊልሞች ውስጥ ሁሉም የሚናገረው በሱ ድምፅ ነው፤ ሽማግሌውም፣ ኮረዳዋም፣ አንዳንዴ ውሻውም። ተዋንያኑ ዝም ሲሉ እንኳን እሱ ዝም አይልም፤ ዝም ካለ ደንበኛው "ድምፁ ተበላሽቷል" ብሎ ፍላሹን ይመልስበታላ!

"እትዬ ሸዋዬ! ምን እግር ጣለዎት?" አለ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

"ፊልም ተርጉምልኝ። የሩታ ናት።"

"የሩታ? ማሻአላህ! በምን ቋንቋ ነው?"

"በምንም።"

ጠይብ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ሁሉን ነገረችው፤ ሰልስቱን፣ ሐሜቱን፣ ቅዳሜን። "እየሰደበችኝ ከሆነ ንገረኝ። እንዳትሸፋፍንልኝ" አለችው።

ጠይብ ጢሙን አሻሸ። "ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ፣ እትዬ? እንዲህ ያለ ፊልምም ያው ሳይሆን አይቀርም። እስቲ ልሞክረው።"

ፊልሙን ትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ለቀቀና ማይኩን አነሣ። ልማድ ነው፤ ያለ ማይክ ፊልም ማየት አይሆንለትም።

"እነሆ ክረምቱ ገብቷል፣ ጣሪያውም ያፈሳል!" ብሎ ጀመረ። "ምስኪኗ ነጋዴ አከራይዋን ጣሪያውን አስጠግንልኝ ብትለው አሻፈረኝ ብሏታል። ፍየሏ ለበዓል የተገዛች ናት፤ ማሠሪያ ቦታ ቢጠፋ ላይ ሰቀሏት። ይህ አንሶላ የተከናነበው ራሱ አከራዩ ነው። ድሮስ አከራይ ምን ፊት አለው?"

ሸዋገነት ሳታስበው ፈገግ አለች። ደግ ሰው ነው ጠይብ፤ ሸክሟን ሊያቀልላት እየታገለ መሆኑ ገብቷታል። ምነው እውነት በሆነ ብላ ተመኘች።

"አከራዩም ምንም ሳያፍር ሻይ አዝዞ ይጠጣል..."

"አልጠጣም" አለች ሸዋገነት።

"እ?"

"አልጠጣም። ሰውየው ሻዩን አልነካውም። እስቲ ዝም በል ጠይቤ፣ በሞቴ ዝም በል። ወደኋላ መልሰው።"

ጠይብ ማይኩን አስቀምጦ መለሰላት። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሴትየዋ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይመጣላታል። አንዱን ፉት ትላለች። ሌላውን ሰውየው ፊት ታኖርና ዝናቡ እንዳይገባበት በማስቀመጫ ሳህኑ ትከድነዋለች። ብርድ ልብሱ ሁሉ እየበሰበሰ እሷ የምትሳሳው ለዚያ ሻይ ብቻ ነው። በስልኳ ስታየው ይህ ሁሉ ከጥፍር የማይበልጥ ነገር ነበር፤ ደግሞም ዓይኗ ስድቧን ሲፈልግ ሌላ አላየም።

ሸዋገነት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሱቋን በከፈተችበት በዚያ ቀን ሻይ ስታዝ አፏ ለምዶባት "ሁለት" ብላ ነበር። ሁለት መጣ። አንዱን መመለስ አቃታት። አሸብር ይቀመጥባት በነበረችው በርጩማ ላይ አስቀመጠችና ዝንብ እንዳይገባበት በሳህኑ ከደነችው። በነጋታውም ሁለት አዘዘች። እንዲህ እያለች ወራት ሄደ። አበደች ይሉኛል ብላ ለማንም አልተናገረችም፤ ሱቅ ስትዘጋ ሻዩን ቱቦ ውስጥ ትደፋው ነበር። ሩታ ያኔ ተማሪ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ጥግ ተቀምጣ ከስልኳ ቀና አትልም ነበር። ለእናቷ እንዲያ ነበር የመሰላት።

"ምን ሆኑ እትዬ?" አለ ጠይብ ደንግጦ።

"አይታኛለች" አለች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም። "ስሸጥ ብቻ ያየችኝ መስሎኝ ነበር። እንዴት እንዳለቀስኩ አይታለች፣ ጠይቤ።"

ከጎረቤት ሱቅ ጥቅል ጨርቅ ሲወርድ ይሰማል። ፊልሙን እስኪያልቅ ድረስ ያለ ማይክ አዩት።

"ፍየሏ ግን አሁንም አልገባችኝም" አለች በመጨረሻ፣ በእንባዋ መሃል ሳቅ እያላት።

"ወላሂ እኔም አልገባችኝም። የበዓል ናት ያልኩት አፌ እንዳመጣልኝ ነው።"

"እንግዲያው እዚያው ትቁም፣ ምን አደረገችን" አለችና ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ሩታ ጋ ደወለች።

"እማ?" አለች ሩታ፤ ድምፅዋ ፈራ ተባ ይላል። "አናደደሽ አይደል? እኔ እኮ እንዲያ ብዬ ሳይሆን..."

"ቅዳሜ እመጣለሁ" አለቻት ሸዋገነት። "ሻዩን አየሁት።"

ሸዋገነት መቆጣት አልፈለገችም፤ መጠየቅ ግን ነበረባት።

"ያኔ ካየሽ ለምን ዝም አልሽኝ፣ ልጄ?"

"ብናገር ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ" አለች ሩታ። "በርጩማው ላይ ሻዩ ተከድኖ ሳየው፣ አባዬ እዚህ ጎረቤት ደርሶ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።"