የጂቱ ተራ

…ዝቅ በይ፣ ገና ዝቅ፣ ወገብሽ ይናገር እያለች ዳንስ አዳራሹ ውስጥ ስትጮህ የከረመችው ራሷ ፊልሞና ናት፣ አሁን ማንቆርቆሪያና ማስታጠቢያ ይዛ የእናቷ ሳሎን መሀል አጎንብሳለች፣ ወገቧ እምቢ አላት። ዝቅ ማለት እንዲህ ነው ለካ።

የቅዳሜው የቤት ጸሎት አልቋል፣ ምሳ ቀርቧል፣ ከእንግዶቹ አቶ ጉደታ እጃቸውን ዘርግተዋል። ተባረኪ ልጄ። አሜን። ቀጥሎ ያሉት ሴትዮም ተባረኪ። አሜን። ስንት ቅዳሜ እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ጂቱ ስታስታጥብ አይታለች፣ ማን ቀና ብሎ አያት፣ ማን ተባረኪ አላት፣ እሷም ብትሆን እጇን ታጥባ ወሬዋን መቀጠል ነበር።

ጂቱ። ከእንጦጦ ማዶ መጥታ ሲግናል፣ እዚህ ቤት፣ በሠራተኝነት የገባች። ፊልሞናን ቤት ውስጥ እትዬ ትላታለች፣ መገናኛ፣ ፊልሞና ዳንስ የምታስተምርበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ቲቸር። የፊልሞና ተማሪዎች ሁሉ ሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፣ ዳንሱንም ያወጡት ከሥራቸው ነው፣ መጥረግ፣ መሸከም፣ ማስታጠብ። የዳንሱን ማለቂያ ያመጣችው ጂቱ ናት። ቲቸር፣ እኔንም አንድ ቀን ሰው ቢያስታጥበኝስ? ብላ ሳቀች፣ ልጆቹም ሳቁ። ከበሮ መቺው ኡበይድ፣ በቃ ማለቂያው ይሄ ነው አለ፣ ጂቱ መሀል ትቀመጣለች፣ ሌሎቹ ውሃ ያፈሱላታል።

ዛሬ ዳንሱን ያሳያሉ። አሠሪዎች ተጠርተዋል።

ጠዋት የፊልሞና እናት ጥሩብርሃን፣ ጂቱ አትሄድም አለች፣ አለቀ። እማዬ፣ መጨረሻው እኮ የሷ ተራ ነው። የምን ተራ! በናንተ ዝላይ እንግዶቼ እጃቸውን ሳይታጠቡ ይብሉ? እንደ ልጄ የያዝኳትን አንቺ አበላሸሽብኝ፣ እግሯ ከወጣ አትመለስም። እንደ ልጄ።

ጸሎት ላይ ዓይን ሁሉ ሲጨፈን ፊልሞና ወጥ ቤት ገባች። ሂጂ። እሜቴ ያባርሩኛል እኮ። እኔ አለሁ። አንቺማ አለሽ፣ የኔ ማደሪያስ? ጂቱ በመስኮቱ አየች፣ የእንጦጦን ተራራ፣ ሽርጧን ፈትታ ፊልሞና እጅ ላይ አኖረችላት። እሺ ቲቸር። እዚህ ቤት ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቲቸር።

መብት መብት የሚለው የፊልሞና አፍ በማን ማደሪያ ነው የተወራረደው፣ የራሷ አልጋ መቼ ተነካ። ጂቱ ደርሳ ይሆን፣ መንገዱ ለባቡሩ ተቆፍሯል፣ የታክሲው ረዳት ይጣራል፣ መገናኛ በአንድ ሰው፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አቦ ግቢ እንጂ እህት፣ ደርሳ ይሆን፣

የመጨረሻዋ ታጣቢ እናቷ ናት። እጇን ትዘረጋለች፣ ቀና አትልም። ሄደች? በሹክሹክታ። ሄደች። ሰው ፊት አላዋርድሽም፣ ማታ ግን በሩ ለሷ ዝግ ነው። እንግዲያው እኔም ውጪ ነኝ እማዬ። ውሃው ይወርዳል። ከዚያ ከእናቷ አፍ፣ ከልማድ፣ አምልጦ፣ ተባረኪ።

ፊልሞና አሜን አትልም። ጂቱን በያት፣ ስትመጣ፣ በሩ ላይ።

እናቷ አሁን ቀና ትላለች፣ እጇን ግን አታነሳም፣ የማንቆርቆሪያው ውሃ ሊያልቅ ነው፣ እዚያ አዳራሹ ውስጥ ኡበይድ ከበሮውን ቀስ አድርጎ ይመታል፣ መሀል ላይ ወንበር አለ፣ ጂቱ ተቀምጣበታለች፣ ወይም ባዶ ነው፣ ልጆቹ ግን ያጎነብሳሉ፣ ዝቅ፣ ገና ዝቅ፣