ያለ እሷ ፊርማ አይወጣም

ወንድምየው እህቱን «ዘበኛ» ማለት የጀመረው ለቀልድ አልነበረም። ሠላሳ የሚሆኑ በጎ ፈቃደኞች ከየአገሩ በስክሪን በሚገናኙበት ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ፣ እሷ ገና አፏን ስትከፍት «ዘበኛችን ደግሞ ዛሬ ማንን ልትፈትሽ ነው?» አላት። ጥቂቶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ስሙ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈባት።

የአንድ እናትና አባት ልጆች ናቸው። አባታቸው ዕድሜውን በሙሉ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ኖሯል፤ ጡረታ እንደወጣ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ጠፋ። ሳያነብ መዋል የማይሆንለት ሰው ነበርና ፕሮግራም በመጻፍ የሚተዳደረው ታላቅየው ኮምፒውተር ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ በድምፅ የሚያነብለት ፕሮግራም ሠራለት። ስሙን «አንብብልኝ» አለው። ኮዱንም ማንም ገብቶ እንዲያየው፣ እንዲያሻሽለው፣ በነፃ እንዲወስደው ክፍት አድርጎ ለቀቀው። ዓይነ ስውራን በብዙ አገር ይጠቀሙበት ጀመር፤ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ጫኑት። ታናሽየዋ ከእነዚያ ሆስፒታሎች በአንዱ የኮምፒውተር ደህንነት ክፍል ትሠራለች፤ በተረፋት ጊዜ ወንድሟን ታግዝ ነበር።

ጠቡ የመጣው በቢልዱ ነው። ቢልድ የሚሉት ሰው ሳይነካው ራሱን በራሱ የሚሠራ መስመር ነው፤ ኮዱን ይቀበላል፣ ይፈትሻል፣ ፕሮግራም አድርጎ ይሠራዋል፣ መጨረሻ ላይ በፊርማ ቁልፍ፣ ማለትም የእነሱ ሥራ መሆኑን በሚያረጋግጥ ምስጢራዊ የፊደላት ድርድር፣ አትሞ ለተጠቃሚዎች ይልካል። ፊርማው ትክክል ከሆነ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ምንም ሳይጠይቅ ይጭነዋል። መስመሩን ወንድምየው ለብቻው ነበር የዘረጋው፤ ይኮራበታል። ድሮ አንድ እትም ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ወገቡ እስኪቆረጥ ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

እህትየዋ አንድ ቀን መስመሩን ከላይ እስከ ታች ስታነብ ያየችውን ማመን አቃታት። የማይታወቅ ሰው «ይህችን አሻሽሉ» ብሎ ኮድ ሲልክ፣ ገና ማንም ሳያየው ቢልዱ ያስኬድለታል። የሚያስኬደው ደግሞ የፊርማ ቁልፉ ባለበት ቦታ ነው። ላኪው ኮዱ ውስጥ «ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ» የሚል ትእዛዝ ቢሸጉጥ፣ ቢልዱ እሺ ብሎ ይሰጠዋል።

የወንድሟ ቢሮ ከብረታ ብረት ሥራ ቤት በላይ ነው፤ ከሥር ብረት በተቆረጠ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ገብታ ወንበር እንኳ ሳትስብ ነገረችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ዛሬውኑ መዝጋት አለብህ።»

ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ «ይኸው ስንት ዓመት ሠራ፤ ማን ምን አደረገው?» አላት።

«እስካሁን ያየው ስለሌለ ነው። እኔ ካየሁት ሌላውም ያየዋል። የእንግዳ ኮድ ቁልፍ በሌለበት ቦታ ይሞከር፤ ከዚያ አንድ ሰው አይቶ ይፍቀድ። ሌላ ምንም አላልኩም።»

«አንድ ሰው ማለት እኔ ነኝ። እኔ እስካይ ኮድ የሚልኩልኝ ልጆች ሳምንት ይጠብቃሉ፤ ሳምንት ከጠበቁ ጥለውኝ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ሰው በልመና ነው የሰበሰብኩት። አንቺ ሆስፒታልሽ ውስጥ ሰው በባጅ ማስገባት ለምደሻል። እዚህ የመጡት በሩ ክፍት ስለሆነ ነው።»

«በሩን ዝጋ አላልኩህም። ካዝናውን ነው።»

«ወሬ ትችያለሽ» አለና ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ደጋግማ ጻፈችለት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በስብሰባ ብታነሳ «ዘበኛ» ተባለች። በዚያን ጊዜ እልህ ያዛት። በሌላ ስም አንዲት ሚጢጢ ማሻሻያ ላከች፤ ቢልዱ እንደለመደው ተቀብሎ አስኬዳት። ቁልፉን አልወሰደችም፤ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ፊደላት ብቻ አስጻፈችው። በሚቀጥለው ስብሰባ ተራዋ ሲደርስ ፊደላቱን አንድ በአንድ አነበበችና፣ «የምን ፊደላት እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቃል» አለች።

ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ፊት ሲጠቁር ሁሉም አዩ።

ስብሰባው እንዳለቀ ደወለላት። «ቤቴን ሰብረሽ ገባሽ።»

«የሰበርኩት ነገር የለም። ክፍት ነበር።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«ዘበኛ ስትለኝስ ሰው አልነበረም?»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት። ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ፕሮጀክቱ ላይ የነበራት ፈቃድ በሙሉ ተነስቷል። ወንድምየው ቁልፉን በአዲስ ለወጠ፤ ቀዳዳውን ግን እንዳለ ተወው። ቢደፍነው እሷ ልክ ነበረች ማለት ይሆንበታል። እሷም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጋሼ ብላ አልጠራችውም።

እሑድ አባታቸው ቤት ተገናኙ። ወንድምየው ቀድሞ ደርሶ ነገሩን በራሱ መንገድ ነግሮት ኖሯል። አባትየው ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፤ ድምፁም እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ታላቅሽ ነው። በሰው ፊት እንዲህ አይደረግም።»

«ለብቻው ስንት ጊዜ ነገርኩት አባዬ።»

«አልሰማ ካለ ደግሞ ትነግሪዋለሽ።»

«ይቅርታ ትበለኝና ፈቃዷን እመልሳለሁ» አለ ወንድምየው፣ እሷ እዚያ የሌለች ይመስል ለአባቱ።

«ቀዳዳውን ይድፈንና ይቅርታ እለዋለሁ» አለች እሷም ለአባቷ።

«መጀመሪያ ይቅርታ።»

«እንግዲያው ከነቀዳዳህ ኑር» አለችው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አባቷ በስሟ ሲጠራት ሰማች፤ አልተመለሰችም።

እሷ ከሄደች በኋላ ነው ራሱን «ትሁት» ብሎ የሚጠራ አዲስ በጎ ፈቃደኛ ብቅ ያለው። ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር ማንም አያውቅም፤ የጠየቀውም የለም። መጀመሪያ የፊደል ግድፈት አረመ። ቀጥሎ የተበላሸ የመመሪያ ገጽ አስተካከለ። የሚጽፈው ሁሉ በምስጋና ይጀምራል፣ በምስጋና ያልቃል። ወንድምየው በስብሰባ ላይ አፉን ሞልቶ አመሰገነው። «የሚሠራ ሰው እንዲህ ነው፤ ንትርክ የለ፣ ስብከት የለ» አለ። ማንን ሊነካ እንደፈለገ ለማንም አልጠፋውም።

አንድ ረፋድ ላይ ትሁት ሌላ ትንሽ ማሻሻያ ላከ። የድምፁን ፍጥነት መፈተሻ ነው ይላል። ማንም ሳያነበው ቢልዱ አስኬደው፤ ቁልፉም በዚያው ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ትክክለኛውን ፊርማ የያዘ አዲስ እትም በየኮምፒውተሩ ገባ። ወንድምየው አይቶታል። ከበጎ ፈቃደኞቹ የአንዱ ሥራ መስሎት አለፈው።

እህትየዋ ያወቀችው በሥራዋ ላይ ሳለች ነው። የዓይን ክፍሉ ኮምፒውተሮች ወደማታውቀው አድራሻ ያለማቋረጥ አንድ ነገር ሲልኩ አየች። ጠልቃ ስታየው፣ የሚላከው «አንብብልኝ» ለሕመምተኞቹ የሚያነበው ነበር። የምርመራ ወረቀት፣ የቤተሰብ ደብዳቤ፣ የይለፍ ቃል፣ ምኑ ቅጡ። የክፍሉን መስመር በሙሉ አቋረጠችና ለወንድሟ ደወለች። ቁጥሯን እንዳይገባ ዘግቶታል። ታክሲ ይዛ ሄደች።

ስትገባ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። እሱም ገና ማየቱ ነው።

«አንቺ ነሽ» አላት።

«ምን አልክ?»

«ቁልፉ የወጣው አንቺ ባወጣሽበት መንገድ ነው። ቃል በቃል።»

«አዎ፣ በዚያው መንገድ ነው። ስለምን ስነግርህ የከረምኩ መሰለህ?»

ከሥር ብረት ይቆረጥ ጀመርና መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሲያበቃ ወንድምየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ ከሰዓት ንጹሑን እትም አወጣለሁ። ማንም ሳያውቅ ይተካል» አለ።

«በየትኛው ቁልፍ ፈርመህ? በተሰረቀው? አንተ አንዱን ስታወጣ እሱ ሌላ ያወጣል። ቁልፉን ግደለው፣ ከእንግዲህ ማንም ኮምፒውተር እንዳይቀበለው፤ ሰዉም ፕሮግራሙን አሁኑኑ ያጥፋ።»

«ነገ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ የሆነውን ልወቀው።»

«እስከ ነገ የሰው ገመና እየተሰማ ይደር?»

«ስሜን ልታጠፊ ነው የመጣሽው፤ እወቂው።»

ጥላው ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ በተጠቃሚዎቹ መገናኛ ገጽ ላይ በስሟ ማስጠንቀቂያ ጻፈች፦ «አንብብልኝን ዛሬ ያጥፉት። የፊርማ ቁልፉ ተሰርቋል። ያነበበልዎትን ሌላ ሰው ሰምቶታል።» በየአገሩ ያሉ ዓይነ ስውራን መልእክቱን የሰሙት በዚያው በአንብብልኝ ድምፅ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ውግዘቱ የወረደው በእሷ ላይ ነበር። አስቀድማ ቁልፉን ነክታ አሳይታለችና፣ «ቂመኛዋ ዘበኛ» ያላት ብዙ ነው። ወንድምየው አልከሰሳትም፤ ግን አንዲት ቃል ተንፍሶ አልተከላከለላትም። ቢልዱ የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበት ሎግ ሲፈተሽ የትሁት ዱካ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ያኔ ወንድምየው በአጭሩ ጻፈ፦ «የገባው በዚህ ነው። ቀዳዳውን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። እህቴ የለችበትም።» ለእሷ ለራሷ ግን የጻፈላት ነገር የለም። ትሁትም በዚያው እንደ ጤዛ ጠፋ።

አባታቸው ሁለቱንም አስጠራቸው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ጨርቅ ለብሷል።

«በዚያ ሳምንት ምን ነበር ያስነበብከው አባዬ?» አለ ወንድምየው።

«የሐኪም ውጤት።»

«የምን ውጤት?» አሉ ሁለቱም እኩል።

አባትየው ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «አንድ የማላውቀው ሰው ሰምቶታል። እናንተን ለመንገር ገና አልቆረጥኩም ነበር። አሁንም አልቆረጥኩም።»

እህትየዋ ተነስታ እጁን ልትይዝ ስትል ሸሸባት።

«እሱ ነገር ሲይዘው እንዲህ ነው፤ አውቀዋለሁ። ቀዳዳውን ሳይደፍን ተወው። አንቺስ?»

«ፈቃዴን በሙሉ ነጥቆኝ ምን ላድርግ አባዬ?»

«እኔ ጋ መጥተሽ ‹አባዬ፣ ይሄን ነገር አጥፋው› እንዳትይስ ማን ከለከለሽ?»

ለሆስፒታሉ ጽፋ ነበር፤ ለአለቃዋ ተናግራ ነበር፤ የሰማት ባይኖርም። አባቷን ግን ረስታው አይደለም፤ ኩርፊያው በልጧት ነው። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። አዝኖላት ይሁን ተደስቶባት አላወቀችም። ሁለቱም ሳይሰነባበቱ ወጡ።

ቢልዱን እንደ አዲስ የሠራው ወንድምየው ነው። ሥራውን ያውቅበታል፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። የእንግዳ ኮድ ባዶ ቦታ ላይ ይሞከራል፤ እዚያ ምንም የሚሰረቅ ነገር የለም። ከሌሎች ፕሮጀክቶች የተዋሷቸው የኮድ ቁርጥራጮች ባለቤቶቻቸው በፈለጉ ጊዜ እንዳይለውጧቸው ተደርገው ተቆለፉ። እያንዳንዱ የሥራ ደረጃ ለሥራው የሚበቃውን ፈቃድ ብቻ ይይዛል። ቁልፉ ለብቻው ተቀመጠ፤ ሁለት ሰዎች አይተው ካልፈቀዱ አይፈርምም። እህትየዋም በተጠራችበት ስብሰባ ሁለቱ እነማን ይሁኑ ሲባል፣ ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዲት አስተማሪ እጇን አወጣች።

«እርስ በርስ የማይተዛዘኑ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉናል» አለች። «እኔ የማውቀው ሁለት ብቻ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ከሁለቱ በቀር።

«እኔ ከእሷ ጋር አልሠራም» አለ ወንድምየው።

«አብራችሁ ሥሩ አልተባለም» አለች አስተማሪዋ። «እያያችሁ ፍቀዱ ነው የተባለው።»

እንዲህ ሆነ፤ የእህትየዋም ፈቃድ ተመለሰላት። አባታቸው ዘንድ እሱ ጠዋት ይሄዳል፣ እሷ ከሰዓት። ውጤቱን ለየብቻ ነገራቸው፤ የልብ ነገር ነው፣ በመድኃኒት የሚያዝ። እርስ በርስ አልተነጋገሩበትም። አባትየው ጨርቁን ከኮምፒውተሩ ያነሳው ብዙ ቆይቶ ነው፤ ያነሳውም የሚያነብለት ሌላ ስላጣ እንጂ አምኖ አልነበረም።

በቅርቡ እህትየዋ የቢልዱን አንድ ክፍል አስተካክላ ለፈቃድ ላከች። ወንድሟ ሆን ብሎ እስከ ሥራ መውጫ አስጠበቃት። በመጨረሻ መልሱ መጣ፤ አልፈቀደም። የጻፈው ሦስት ቃል ብቻ ነው፦ «ፈቃዱ ሰፊ ነው።»

ደሟ ፈላ። ስህተት ፈልጎ ሊያዋርዳት መስሏት ከላይ ጀምራ አነበበችው። ልክ ነበር። ለሙከራ ብላ ለአንዱ ደረጃ የሰጠችውን ኮዱን የመለወጥ ፈቃድ ሳታነሳ ረስታዋለች፤ ያንኑ ዓይነት በር በገዛ እጇ ገርበብ አድርጋ ትታ ነበር። ጥርሷን ነክሳ አነሳችውና መልሳ ላከች። አመሰግናለሁ አላለችም።

እሱም ምንም ሳይል ፈቀደ። አዲሱ እትም ወጣ።