በአጥር ላይ የተጣለ ዳስ

እትዬ ብርሃንነሽ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ሰፊ ግቢ ነበራቸው። የትርፍ ቤቱ አዋጅ ሲወጣ ዋናው ቤት ለሳቸው ቀረ፤ ለኪራይ ያሠሯቸው ሁለት ክፍሎች የቀበሌ ሆኑ። በአንደኛው አናጺው ኤርሲዶ፣ በሌላው ቅቤ ነጋዴዋ መድና ይኖሩ ነበር። አዋጁ ሰዎቹን ከቦታቸው አላነቃነቃቸውም፤ ኪራይ ተቀባዩን ብቻ ቀየረ። እትዬ ብርሃንነሽን ያንገበገባቸው ይኸው ነው። ተከራዮቹ ቢሄዱ ኖሮ ይረሷቸው ነበር። አሁን ግን ኤርሲዶ በየማለዳው «እንደምን አደሩ እትዬ» ይላቸዋል፤ ያውም እንደ ጎረቤት።

እኔ ከግቢያቸው በር አጠገብ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። የማልሰማው ነገር የለም አልልም፤ ጥቂት ነው።

መጀመሪያ እትዬ «እንጨት እያላገ ይዘምራል» አሉ። ኤርሲዶ ከከምባታ የመጣ ጴንጤ ነው። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሩን ወደ መላጊያው አዙሮታል፤ መላጊያው ሲሄድ ግጥሙ፣ ሲመለስ አዝማቹ። ቀጥለው «የመድና ዶሮዎች ጌሾዬን ጫሩት» አሉ። በመጨረሻ ግቢው ለሁለት ይከፈልልኝ ብለው ቀበሌ ሄዱ። ወንድማቸው ለይኩን አብሯቸው ሄደ፤ እኔም ምስክር ተባልኩ።

ለይኩን የቡና መጋዘን ጸሐፊ ነው። እንግሊዝኛ የተማረው ከሬዲዮና ከአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነው። መዝገበ ቃላቱ ከ«ኤስ» በኋላ ስለተገነጠለ፣ በዚያ ሁሉ የትራክተር ወሬ ዘመን ትራክተር እንዴት እንደሚጻፍ አያውቅም እያሉ ያሙት ነበር። እስከ «ኤስ» ድረስ ግን የሚደፍረው አልነበረም።

«የምንጠይቀው ተራ አጥር አይደለም ጓድ ሊቀመንበር» አለ ለይኩን ተነሥቶ። «ፌንስ ኦፍ እንዲደረግ ነው።»

ሊቀመንበሩ ጓድ ጎሳዬ ብዕሩን አስቀመጠ። «በአማርኛ ማጠር አይደለም?»

«ማጠርማ ዙሪያውን ነው። ፌንስ ኦፍ ግን ከአንድ ግቢ ውስጥ አንዱን ወገን ከልሎ ከሌላው መቁረጥ ነው። ኦፏ ስትገባ ነገሩ ይቆረጣል።»

«ሶሻሊስት አገሮች ይጠቀሙበታል?»

ለይኩን ትንሽ አሰበ። «በርሊን ላይ ትልቁን ሠርተዋል።»

ማኅተሙ ወዲያው ተመታ።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ፌንስ ኦፍ አለ። ልጆቹ ብይ ሲጫወቱ መሬቱን በእንጨት ጭረው ፌንስ ኦፍ ይሉ ነበር። መድና ባሏ አኩርፏት ከግድግዳው በኩል ሲተኛ «ፌንስ ኦፍ አድርጎኛል» ብላ ገበያው ውስጥ ተናገረች።

አጥሩን የሠራው ኤርሲዶ ነው። ሌላ አናጺ በቅርብ አልነበረም።

«እትዬ፣ በሩን በየት በኩል ላውጣው?» አላቸው።

«የምን በር! ፌንስ ኦፍ በር የለውም። አንተ በጓሮ መንገድ ውጣ።»

«እንጨቱስ?»

«የሚበረክት። እዚያ ወንዙ ዳር ኮርች ሞልቶ የለም? ወፍራም ወፍራሙን ቁረጥ። ዛሬውኑ።»

ጅማ ውስጥ እርጥብ ኮርች አጥር ማድረግና ዛፍ መትከል አንድ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። የተናደደ ሰው ግን ከሕፃን ያንሳል። ኤርሲዶ «እሺ» ብሎ ተከለው። ክረምቱ ገባ። ግንዶቹ መጀመሪያ አቆጠቆጡ፣ ቀጥለው ቅርንጫፍ ዘረጉ፣ በሌላው ዓመት ቀይ አበባ አወጡ። ጓድ ጎሳዬ በደን ዘመቻው ቀበሌያችን ከተከለው ጋር ደምሮ ሪፖርት አደረጋቸው።

ይህ በሆነ በሁለት ዓመት ገደማ የእትዬ ብርሃንነሽ አንዲት ልጅ ልያ ለሰቃ ከተማው አቶ ነጋሳ ልጅ ታጨች። የነጋሳ ዘመድ ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ እስላም ነው፤ ሲመጣም ሁሉም ነው የሚመጣው። እትዬ ብርሃንነሽ ሜትሬን ተውሰው ግቢያቸውን ለኩ። ደግመው ለኩ።

«ሜትርህ ያጥራል እንዴ?» አሉኝ።

«ሱሪ ሲሆን ይደርሳል፣ እትዬ።»

ዳሱ አልገባም። ከአጥሩ ወዲህ ሽማግሌዎቹን ከጠረጴዛው ጋር ቢይዝ ነው። ጓድ ጎሳዬ ወሬው ሲደርሰው ደስ ብሎት መጣ። «የቀበሌው አዳራሽ ምን ሠራ? አብዮታዊ ሠርግ እናደርገዋለን። መፈክር፣ አጭር ንግግር፣ ከዚያ ምሳ።»

እትዬ ብርሃንነሽ ሄዶ እስኪርቅ ጠበቁ። «የሱን አጭር ንግግር የሰማ ሰው ምሳ ደርሶት አያውቅም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሁሉን ወሰዱ፤ ይውሰዱ። ልጄ ግን ከናቷ ግቢ ነው የምትወጣው። ከአዳራሽ እንደ ተሰብሳቢ አትወጣም።»

በማግስቱ ማለዳ ለይኩን አጥሩን ሊነቅል ተነሣ። አንዱን ኮርች አቅፎ ታገለ። ኮርች እሾህ አለው። የማይነቃነቅ ሥርም ሰዶ ነበር። መድና ከወዲያ ማዶ ቆማ ታያለች።

«ለይኩን! አቦ ኦፉን ብቻ ንቀልልን፣ ፌንሱ ይቅር!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ የለሽም?» አሏት እትዬ ብርሃንነሽ።

«ሥራዬን አስፈታችሁኝ እኮ። ማሎ እትዬ፣ እባክዎ፣ ቆይ ልጠይቅዎት። የነጋሳን እስላሞች የት ሊያስቀምጡ ነበር?»

«የትም ሠርግ እንደሚደረገው ነዋ! ዳሱን አጋማሽ ላይ በመጋረጃ ከልዬ።»

«ታዲያ ይኸው ተከልሏል! ዳሱን በላዩ ጣሉት። እስላሙ በኛ በኩል፣ ክርስቲያኑ በናንተ በኩል። የኛን ወይፈን የኛ ሰው ይባርክ፣ ድስቱ የኔ፣ ማብሰሉም የኔ። ወላሂ፣ ይህን አጥር ያሳጠረዎት አላህ ነው።» ደግሞም ጨመረች፦ «ግን ግቢው የኤርሲዶም ነው። እሱን መጠየቅ የርስዎ ነው።»

እትዬ ብርሃንነሽ ወደ ቤት ገቡ። ከሰዓት በኋላ ግን ጥለት ያለው ነጠላቸውን ለብሰው፣ ጫማ አድርገው ወጡ። «ሽማግሌ ነህ፣ ተከተለኝ» አሉኝ። አጥሩ በር ስለሌለው በሰፈሩ መስጊድ በኩል ዞረን፣ በጓሮ መንገድ፣ ጭቃውን እየዘለልን ከገዛ ግቢያቸው ማዶ ደረስን።

ኤርሲዶ መላጊያውን ትቶ በርጩማ አቀረበ። እትዬ ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ እንጨት ዋጋ ጠየቁ። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

«ኤርሲዶ» አሉ በመጨረሻ፣ «ለልያ ሠርግ… ግቢህን ላንድ ቀን…»

ግቢህን ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ኤርሲዶም ሰማ፤ ጆሮውን ያመነ አይመስልም።

«ግቢው የርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«የኔ ቢሆን በመስጊድ ዞሬ እመጣ ነበር?»

ሳቅ ያዘው፤ ዋጠው። «እሺ። ግን የዳሱን እንጨት ሳሰናዳ እዘምራለሁ።»

«ዘምር፤ ማን ከለከለህ? ብቻ ዝቅ አድርግ። ጎሳዬ ሲመጣ እኔ ባላስል ኖሮ ይኼኔ የት ነበርክ?»

ያኔ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ሲያስሉ ብርድ የመታቸው ይመስለኝ ነበር።

ዳሱ ተጣለ። ምሰሶ አላስፈለገም፤ ኮርቾቹ ቆመው ነበር፣ ጣሪያውን ተሸከሙት። ወዲህ ጠላው ተቀዳ፣ ወዲያ ብርዙ። ኤርሲዶና ጴንጤ ወዳጆቹ ጠላ በሌለበት በእስላሞቹ በኩል ተቀመጡ፤ እስላም የባረከው ሥጋ ጥያቄ ሲያስነሣባቸው ግን ሽሮ ቀረበላቸው። ጓድ ጎሳዬ በእኩልነት ስም ወዲህም ወዲያም በላ። ለመዞር ጊዜ ወስዶበት ንግግሩ ቀረ።

ችግሩ የመጣው ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ነው። ልያ የአማቷን እናት ጉልበት መሳም አለባት፤ አሮጊቷ የተቀመጡት ማዶ ነው። ሌሊቱን የዘነበው የጓሮውን መንገድ አቡክቶታል። ልያ ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ እናቷን አየች። ሚዜዎቹ አጥሩን አዩ። አሮጊቷ በቅጠሉ ቀዳዳ እያጮለቁ «ልጅቷ ወዴት ናት?» ይላሉ። ዘፈኑ ቆመ።

እትዬ ብርሃንነሽ ማንንም አላማከሩም።

«ኤርሲዶ! መጥረቢያህን አምጣ!»

«ጣሪያውስ፣ እትዬ?»

«ጣሪያውን የማይዘውን መርጠህ ቁረጥ! አንተ አይደለህ የተከልከው!»

ሁለት ግንድ ወደቀ። ልያ ቀሚሷን ጭቃ ሳይነካው አልፋ ጉልበት ስማ ተመለሰች። መድና እልል አለች። ሙሽራዋም በናቷ ግቢ በር ወጣች፤ እትዬ ብርሃንነሽ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ።

በሦስተኛው ቀን ዳሱ ሲፈርስ ኤርሲዶ መጣ። «ቀዳዳውን ልድፈነው?»

«በር ሥራለት» አሉት። ቀና ብለው አላዩትም። «መቀርቀሪያው ግን በኔ በኩል ይሁን።»

በእሳቸው በኩል አደረገው። ለይኩን እንዲህ ያለው አጥር በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ተጠይቆ፣ ከተገነጠለው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። መቀርቀሪያውን በክረምቱ አየሁት፤ ዝናብ መትቶት ዝጓል። ክፍት እንደሆነ ነው የዛገው።