የእናቴ ድርሻ

እናቴ የታመመችው ሥራ ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ማዕድ ቤት ሾርባ እየቀዳች ሳለ ጭልፋዋን እንደያዘች ወደቀች። ሾርባው ፈሰሰ፣ ለምሳ የተሰለፈው ሰው ተበተነ፣ እሷን ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። እኔ የሰማሁት ከሁሉም በኋላ ነው። ላውንደሪ ውስጥ የሸሚዝ አንገት እየተኮስኩ ሳለ ስልክ ተደወለልኝና አንድ የማላውቀው ሰው "እማማ ጭልፋ ታመዋል" አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራት እንደዚያ ነው። እኔን ደግሞ "የእማማ ጭልፋ ልጅ" ይሉኛል፤ እንዲህ ሲሉኝ ዕድሜዬን በሙሉ ጠግቤ ያደርኩ ይመስላቸዋል።

ስትሮክ ነው አሉን። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፣ አፏም ትንሽ ተጣመመ። ከሁሉ የከፋው ግን ጉሮሮዋ ነበር። የምትውጠው ነገር ወደ ሆዷ መውረዱን ትቶ ወደ ሳንባዋ ስለሚገባ፣ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገቡላትና ወተት የመሰለ ፈሳሽ በዚያ ይሰጧት ጀመር። ከራስጌዋ በላይ "በአፍ ምንም አይሰጥ" የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰው ሲያበላ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ወረቀት ሥር ተኝቶ ሲታይ፣ እኔ እንጃ፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ የሚቀልድ ነው የሚመስለው።

ፈሳሹ ወርዶ ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ ወደ እኔ ዞር ትልና "ሆዴ ሞልቷል፤ እኔ ግን ራበኝ" ትለኛለች። ምን ብዬ እመልሳለሁ? አንሶላዋን አስተካክላለሁ። ትራሷን እገለብጣለሁ። ልብስ ተኳሽ ስለሆንኩ የተጨማደደ ነገር ሳይ እጄ አያርፍም፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

አጠገቧ የተኛችው ልብስ ሰፊ ጥሩ ሴት ነበረች። ምግቧ ሲመጣ እናቴ እንዳታይ መጋረጃውን ትስብና ማንኪያዋ ድምፅ እንዳያሰማ እየተጠነቀቀች ትበላለች። አንድ ቀን እናቴ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና አሸተተችና "ጨው አንሶታል" አለች። ሴትዮዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ እውነት ነው፣ አንሶታል አለች። ሦስታችንም ሳቅን። እናቴ እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ ሳቁ አልቆ እንባው ቀጠለ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ቤተ ክርስቲያን መሄድ የተውኩት ክጄ አይደለም፤ አኩርፌ ነው። ከእግዚአብሔር ጋር የተኮራረፍነው በእናቴ ምክንያት ነበር። ያለ አባት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እሷን ደግሞ እሱ ወሰዳት። ጠዋት ለጸሎት፣ ከጸሎት ወደ ማዕድ ቤት፣ ከማዕድ ቤት ለምስጋና ትሄዳለች። ማታ የምትመጣው ከሰልፉ የተረፈውን በቆርቆሮ ይዛ ነው፤ የተረፈ ከሌለ "ጌታ ያውቃል" ብላ ትተኛለች። ጌታ ያውቅ ይሆናል። እኔ ግን አላውቅም ነበር፤ ልጅ ነበርኩና። እሱን በረሃብተኛው ሁሉ ውስጥ ታየው ነበር አሉ። ቤቷ ቁጭ ብላ የምትጠብቃት ልጅ ውስጥ ለምን እንዳላየችው የነገረኝ ሰው የለም።

ቄሱ ሊጠይቋት መጡ። ጎንበስ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ለሁሉም ነገር የሚያዝኑ ሰው ናቸው። እናቴ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ቅዱስ ቁርባን ስጡኝ አለቻቸው። እሳቸውም ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አዩ፣ ነርሷን አዩ፤ ነርሷ አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ደህናውን እጇን ይዘው፣ በሽተኛ መብላት ሲያቅተው እግዚአብሔር ናፍቆቱን እንደ መብላት እንደሚቆጥርለት ቀስ ብለው አስረዷት።

"መሻትዎ ይበቃል እማማ" አሏት።

እናቴ ቃላቱን ከተጣመመው አፏ አንድ በአንድ እየጎተተች፣ "አባ፣ እኔ ርቦት የመጣን ሰው መሻትህ ይበቃሃል ብዬ መልሼው አላውቅም" አለች።

ቄሱ አቀረቀሩ። ጸለዩላትና ሄዱ። እንደወጡ እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ነገር ታውቂበታለሽ። ተከራክረሽ አምጪልኝ" አለችኝ።

እናቴ በሕይወቷ ለምናኝ አታውቅም። ውሃ አቀብዪኝ እንኳ ብላኝ አታውቅም፤ ተነሥታ ራሷ ትቀዳለች። አሁን የመጀመሪያዋንም የመጨረሻዋንም ልመና እኔ ላይ ጣለች። ይህን ሳላደርግላት ብትሞት በራሴ ላይ የምፈርደውን አውቀዋለሁ። ያኮረፍኩትን ጌታ እሷ አፍ ውስጥ ለማስገባት እንግዲህ ወገቤን ታጥቄ ተነሣሁ።

መጀመሪያ የተጣላሁት ከነርሷ ጋር ነው። በእሷ አልፈርድም፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ሚስቱ በድብቅ ገንፎ አጉርሳው ትን ብሎት የሞተ ሰው በዓይኗ አይታለች። ዶክተሩን ደግሞ ኮሪደር ላይ እየጠበቅሁ፣ ሲገባም ሲወጣም መንገዱን እየዘጋሁ አሰለቸሁት። በመጨረሻ ከመስኮቱ አጠገብ አቆመኝና እውነቱን ነገረኝ። ሳንባዋ መቁሰል ጀምሯል፣ ከእንግዲህ ቱቦውም ብዙ አይጠቅማትም አለ። ስለዚህ ትንሽ ቁራሽ፣ በውሃ ረጥባ፣ ቀና ብላ ተቀምጣ፣ ምላሷ ላይ ቢያኖሩላት እኔ አልከለክልም አለ። ፈቃዱን አገኘሁ። የተፈቀደው ግን ምንም ስለማይለወጥ ነው፤ አመስግኜው መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ፤ ጠዋት ይሁን አለ። እናቴ ጠዋት ጠዋት አእምሮዋ እንደ ድሮው ነው። ቀኑ ሲገፋ ይደክማትና ነገሩ ይምታታባታል። ሲመሻሽ ክፍሉ ማዕድ ቤት ይሆንባታል፤ በሽተኞቹ ተሰላፊዎች ይሆናሉ። "ዳቦው ይዳረሳል?" ትለኛለች። አንዳንዴ በረኛ ታደርገኛለች፣ አንዳንዴ ዕቃ አጣቢ። ልጇ ሆኜ ያመሸሁበት ቀን የለም።

ለቄሱ ደወልኩ። ደስ አላቸው፤ ነገ በጠዋት እመጣለሁ አሉ። የላውንደሪው ባለቤት እያጉረመረመ ፈቀደልኝ። ጠዋት ፀጉሯን አበጠርኩላት፣ ፊቷን አጠብኩላት፣ ሸሚዟን እንኳ ከቤት ተኩሼ አምጥቼላት ነበር። እናቴ ዓይኗ ጥርት ብሎ በሩን እያየች ትጠብቅ ጀመር። እግር በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች። በመሃል አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞራ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው። ጠይቄያት የማላውቀው ነገር፣ እኔን ለምን እንዳላየችኝ፣ አፌ ላይ ደረሰ። ዛሬ እሷ ለቁርባን እየተዘጋጀች ነው፣ በክርክር አላደክማትም፣ ከተቀበለች በኋላ እጠይቃታለሁ ብዬ ዋጥኩት።

ቄሱ ግን አልመጡም። ሌላ ሰፈር ድንገት ሰው ሞቶ ቀብር ላይ ናቸው አሉኝ ስደውል። ምሳ ሰዓት አለፈ። የእናቴ ትንፋሽ ከቀትር በኋላ እየከበደ፣ እየተቆራረጠ ሄደ። ዓይኗ ከበሩ ላይ ተነሣና ክፍሉን መቃኘት ጀመረ። ገባኝ፤ ወደ ማዕድ ቤቷ እየሄደች ነው።

ቄሱ የደረሱት ሊመሽ ሲል ነው። ጫማቸው የመቃብር አፈር እንደያዘ፣ ይቅርታ እየጠየቁ ገቡ። ለነገ እናቆየው ወይ አልኳቸው። እሳቸው ነርሷን አዩ፤ ነርሷ የእናቴን ደረት አየችና ነገን ማመን አይቻልም አለች። ስለዚህ አልጋውን ቀና አደረግነው፤ ትራስ ደገፍንላት። ቄሱ ትንሿን ክብ ዕቃ ከደረት ኪሳቸው አወጡና ከፈቷት። ውስጧ አንዲት ቁራሽ ነበረች፤ ለአንድ በሽተኛ ብለው ይዘው የመጡት እሷኑ ብቻ ነው። በማንኪያ ውሃ ጠብ አደረጉባት። ጸለዩ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚቆርብ ሰው መዳፉን ይዘረጋል፤ ቄሱ መዳፉ ላይ ያኖሩለታል፣ እሱ ራሱ ወደ አፉ ይወስዳል። ለእናቴ ግን ምላሷ ላይ እንዲሆን ተነጋግረናል፤ ቄሱም ያውቃሉ። እናቴ ጸሎቱ ሲያልቅ ደህናውን እጇን ዘረጋች። ቄሱ ስንት ዘመን ለተዘረጋ መዳፍ ሲሰጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እጃቸው አልጠየቃቸውም። ቁራሿን መዳፏ ላይ አኖሯት።

እናቴ ዳቦ መዳፏ ላይ ሲያርፍ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቀና ብላ ለማን እንደምትሰጠው ፈለገች። የቀረብኳት እኔ ነበርኩ።

"ነይ፣ አትፈሪ። ከየት ነሽ?" አለችኝ።

"ከዚሁ ነኝ" አልኳት።

"ዛሬ በልተሻል?"

"አልበላሁም" አልኳት፤ እውነቴን ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ አፌ እህል አልነካም። ከዚህ በላይ ሳታስጨርሰኝ ቁራሿን አፌ ውስጥ አደረገችው። ጣቶቿ ከንፈሬን ነኩት።

በልጅነቴ አንድ ቀን የማዕድ ቤቱ ሰልፍ ውስጥ ገብቼ ቆሜ ነበር። ዳቦው አልነበረም የቸገረኝ። ለእያንዳንዱ ሰው አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኑን እያየች፣ በእጇ ስትሰጠው አይቻለሁና እኔም እንዲሁ እንድታየኝ ፈልጌ ነው። ተራዬ ደረሰና አየችኝ። ትከሻዬን ይዛ ከሰልፉ አወጣችኝና "ይሄ ለተራቡት ነው" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ቸኩላ ነበር። ያችን ቀን ባሰብኳት ቁጥር፣ ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ፣ ሆድ ይብሰኛል።

ቄሱ "ልጄ፣ ቆዪ" አሉ። ነርሷ እጇን ዘረጋች። አውጥቼ ልመልሰው እችል ነበር። ቁራሿ ምላሴ ላይ ነበረች፤ ገና አልቀለጠችም። እናቴ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ዓይኔን እያየችኝ ነበር።

"ዋጪው እንጂ" አለችኝ።

ዋጥኩት።

ምንም አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው። ደስ አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ባዶ የነበረ አንድ ቦታ ሞላና ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ጊዜ ብቻ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ እናቴ ባዶ መዳፏን ጋቢዋ ላይ ጠረገችና ወደ ቄሱ ዞረች።

"ሰልፉ አለቀ?" ብላ ጠየቀች።

"አለቀ" አልኳት እኔ።

"እንግዲያው የእኔን ስጡኝ" አለችና አፏን ከፈተች።

ቄሱ ምንም እንደሌለ እያወቁ ዕቃዋን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው አዩ። እናቴ አፏን እንደከፈተች ጠበቀች። ነርሷ አዝናላት ጥጥ በውሃ ነክራ ከንፈሯን አረጠበችላት። እናቴ ቀመሰችው፤ ያ እንዳልሆነ ገባት። አፏን ዘጋችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም።

ቄሱ በማግስቱ ገና ሲነጋ ተመለሱ። ደጋግመው ጠሯት፤ አልነቃችም። ነርሷ ምላሷ ላይ ማድረግ አሁን ማነቅ ነው አለቻቸው። ዕቃቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ እግርጌዋ ቆመው ቀሩ። ቀትር ሳይደርስ የእናቴ ትንፋሽ አቆመ።

ኮሪደር ላይ ቄሱ አጠገቤ ተቀመጡ። የመጨረሻ ድርሻዋን ለሌላ መስጠቷ ከመቀበል እንደማያንስ፣ ምናልባትም እንደሚበልጥ ነገሩኝ። "የበላችው በአንቺ ነው ልጄ" አሉኝ።

"በእኔ የበላችውን እሷ አልቀመሰችውም አባ" አልኳቸው።

መልስ አልሰጡኝም፤ በዚህ ብቻ አከብራቸዋለሁ። ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። እሷን ቢጠይቋት እሳቸው እንዳሉት ትል ይሆናል። እኔ የማውቀው የተከፈተውን አፏን ነው። በዚያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ከስንት ዓመት በኋላ ጌታን አናገርኩት። ለምን ትንሽ ቀደም ብለህ አልመጣህም አልኩት። ጥጋቤን መልሰህ ለእሷ ስጣት አልኩት።

ለቀብሯ የመጣው ሕዝብ ግቢው አልበቃውም። ጫማ የሌላቸው፣ ኮት የደረቡ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ሁሉም መጥተው ነበር። እጄን ሊጨብጡ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው ያንኑ ይሉኛል፤ እናትሽ አብልታኛለች። ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ግን ማን እንደሆንኩ አላወቁም። እጄን ይዘው፣ "እማማ ጭልፋ አንቺንም አብልተውሻል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አዎ፣ አንድ ቀን" አልኳቸው። የበላሁት የራሷን ድርሻ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።