አርጊሮ ከፍሪጁ ጀርባ

ፓንዴሊስ በቮሎስ ወደብ ሠላሳ አንድ ዓመት ክሬን ላይ ተቀምጦ፣ ቤት የሚያህል ብረት እንደ ሻይ ብርጭቆ አንሥቶ እንደ ሻይ ብርጭቆ ያስቀመጠ ሰው ነው። ነፋሱ ክሬኑን እንደ ሸምበቆ ሲያወዛውዘው እሱ እላይ ሆኖ ዳቦ በሽንኩርት ይገምጥ ነበር፤ ያየ ሁሉ ይመሰክራል፣ ያላየው ደግሞ አብልጦ ይመሰክራል። ያ ሰው እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ሦስት ኪሎ የማትሞላ ድመት ትሞትብኛለች ብሎ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

ድመቷ አርጊሮ ትባላለች። ዓርብ ከመጠለያው ሲያመጣት፣ የቅርጫቱ በር እንደተከፈተ እንደ ጥይት ተተኩሳ ከፍሪጁ ጀርባ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ዓርብ አልበላችም። ቅዳሜ አልበላችም። እሑድም ሳርዲኑ ሳህኑ ላይ ደርቆ የጫማ ሶል መሰለ።

ሰኞ ጠዋት ለሐኪሟ ለዚኖቪያ ደወለላት።

«ጋሼ ፓንዴሊስ፣ ድመት እንደ ሰው መጾም አትችልም» አለችው። «ሦስት ቀን ካለፋት ጉበቷ ይከዳታል። እስከ እኩለ ቀን ምንም ካልቀመሰች ይዘዋት ይምጡ፣ በቱቦ ልንመግባት እንሞክራለን።»

«ለምን አሁኑኑ አላመጣትም?»

«እሱን ነው የምፈራው። በዚህ ድንጋጤዋ ላይ ጎትተው ካወጧት መንገድ ላይ ልቧ ቀጥ ሊል ይችላል። ጸጥታ ብቻ ይስጧት።»

ጸጥታ! ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ሬዲዮውን ነቅሏል። የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ አውጥቷል። ሦስት ካልሲ ደራርቦ ነው የሚራመደው፤ ቮሎስ ከተማ ከተመሠረተች ወዲህ እንደዚያ ጸጥ ያለ ወጥ ቤት አልነበራትም። ስልኩን ሲዘጋ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሦስት ሰዓት ብቻ ቀርቷታል ማለት ነው። 

ሌላ መላ ሲያጣ ከላይኛው ፎቅ ታላቅ እህቱን አሲሚናን ጠራት። አሲሚና ክፉ የሰው ዓይን ያረፈበትን በዘይትና በውኃ በመግፈፍ የታወቀች ናት፤ ድፍን ግሪክ ተሰልፎ በሯ ላይ የሚያድር ነው የሚመስላት። ሳህንና የዘይት ጠርሙስ ታቅፋ ገባች፤ ገና ከበሩ፦

«ዓይን በልቷታል!» አለች።

«እትዬ፣ ቀስ በይ፤ ጸጥታ ተብሏል።»

«ጸጥታማ መቃብርም ውስጥ ሞልቷል። ስንት ሰው አያት?»

ያላያት ሰው ማን አለና! ሕንጻው ስድስት ፎቅ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ «እንኳን ደህና መጣሽ» ሊል የጎረፈው ሕዝብ ግን ስድሳ ፎቅ ይሞላል። አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ፣ ፍሪጁ ሥር እያጎነበሰ፣ «አቤት ውበት!» ሲል ነው የከረመው።

«ዓይን እንዳይበላት ሁሉም እንትፍ ብለውባታል?»

«ሁሉም፤ ሦስት ሦስቴ። አንድ በአንድ ቆሜ ቆጥሬያለሁ።»

«የሥጋ ሻጩ ሚስትስ? እሷ ምራቅ እንኳ ትሰስታለች።»

«ምን ትሰስታለች፣ ፊቴን ሳይቀር አጠበችኝ እንጂ!»

አሲሚና ውኃው ላይ ዘይት አንጠበጠበች። ዘይቱ ተበትኖ ጠፋ፤ የዓይን ምልክቱ ይኸው ነው። አዛጋች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለችና ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ነህ።»

«ምኑን?»

«የበላሃት። በዚያ በሰማያዊ ዓይንህ። ነፍሷን ይማረውና እናታችን ትል አልነበረም? በአራት ዓመትህ ፍየሏን ትክ ብለህ አይተህ ወተቷን አደረቅከው።»

«ፍየሏ አርጅታ ነው!»

«ፍየሏ ልጃገረድ ነበረች! ሦስት ቀን ሙሉ በሆድህ ተኝተህ የምታፈጥባት አንተ አይደለህም?»

ፓንዴሊስ ዓይኑን ከፍሪጁ ላይ ነቀለ። እውነቷን ነው። ማንም እንደሱ አላያትም። ሲነጋ ያያታል፣ ሲመሽ ያያታል፤ የጆሮዋ ጫፍ ብቅ ባለ ቁጥር «ታምሪያለሽኮ፣ ነፍሴ» ይላል። እንትፍ ማለቱን አልረሳም፤ አፉን ክፍተቱ ላይ ደቅኖ «ፍቱ! ፍቱ! ፍቱ!» ይልባት ነበር። ይህ ሁሉ ካልጠበቃት ምን ዓይነት ዓይን ቢኖረው ነው? የሰሃን ማድረቂያውን ጨርቅ አነሣና ዓይኑን ጥፍር አድርጎ አሠረው።

ጨለመ። ፍሪጁ ጥግ ተንፏቆ ተቀመጠ። ጨለማ ውስጥ ጆሮው ተከፈተ፤ የፍሪጁ ሞተር ሲያጓራ፣ የእህቱ ጉልበት ሲንቋቋ፣ ከጀርባ ደግሞ ቁና ቁና የምትል ትንሽ ትንፋሽ። ያቺ ትንፋሽ ትቁም አትቁም ብቻ ነበር ጭንቀቱ። እጁን ዘርግቶ አዲሱን ሳርዲን ወደ ክፍተቱ ገፋ አደረገላት።

«ፍፍቱህ!»

ዘለለ።

«እትዬ፣ በቃ፤ እንትፍ ብለሽባታልኮ! ደሞ ምነው እንዲህ አመረርሽው?»

«እኔ? አፌን መች ከፈትኩ?»

«ታዲያ ማነው?»

 ከፍሪጁ ጀርባ ያው ድምፅ እንደገና መጣ፤ ከንፈር ተሰብስቦ፣ አየር በጥርስ መሐል ተረጭቶ፣ አጭርና ደረቅ። «ፍፍቱህ!»

 ድመት እንደዚህ የምትለው መቼ እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ቅረበኝና እዘነጥልሃለሁ ስትል ነው። እነሱስ? ሥጋ ሻጩ፣ ሚስቱ፣ ስድሳው ፎቅ ሙሉ፣ ከሁሉም በላይ እሱ ራሱ፣ ከአፍንጫዋ ሥር ተደፍቶ፣ ሦስት ሦስቴ... ሦስት ቀን ሙሉ በገዛ ቋንቋዋ እንገድልሻለን ሲሏት ነው የከረሙት።

«እትዬ» አለ በሹክሹክታ፣ «ስንዝትባት ነበር።»

አሲሚና ገባት መሰለኝ፣ ጠርሙሱን እንኳ ድምፅ ሳታሰማ ነው ያስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ነበር። የፓንዴሊስ እግር ደነዘዘ፤ አላነቃነቀውም። ማሳከክ መጣበት፤ አላከከም። ትንፋሿን ሲያዳምጥ፣ ሲያዳምጥ፣ ድንገት ጠፋችበት። ጆሮውን አቀና። ምንም የለም። ደሙ ጆሮው ውስጥ እንደ ከበሮ መታ። ሞተች። በምላሴ ገደልኳት። ጨርቁን ሊቀድደው እጁን ሲያነሣ የእህቱ እጅ ክንዱን እንደ ጉጠት ያዘው።

ከባሕሩ ዳር የእኩለ ቀኑ ደወል ጀመረ። ዚኖቪያ የሰጠችው ሰዓት አለቀ።

ደወሉ ሲያበቃ ቀጭን ነገር ወለሉን ቧጨረ። ጥፍር ነው። ከዚያ ሳህኑ በትንሹ ተንሸራተተ። ከዚያም፣ ፓንዴሊስ እስከዛሬ ከሰማው የመርከብ ጥሩምባ ሁሉ የገዘፈ ድምፅ፤ የሳርዲን አጥንት ቀጭ አለ።

«በላች?» አለ ትንፋሹን ብቻ አውጥቶ።

አሲሚና ድመቷ ብቅ ብላ ስትበላ አየች። እንትፍ ያልተባለበት ውበት ዓይኗ ሥር ቆሟል፤ አፏ ደግሞ ተከልክሏል። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጭንቅ ገጥሟት አያውቅም። በመጨረሻ፣ የተሰደበን ዓይን አይበላውምና፣ ሕፃን እንደምታስተኛ እናት ድምጿን አለስልሳ ስድብ ጀመረች።

«አቤት ስታስጠላ» አለች። «ምን ዓይነት መናኛ ፍጥረት ናት። ጅራቷ የጠርሙስ መጥረጊያ።»

ሁለተኛው አጥንት ቀጭ አለ።

«ጨምሪ፣ እትዬ» አለ ፓንዴሊስ፣ ጨርቁ ከእንባው ረጥቦ። «አታቋርጪ፤ ጨምሪ።»

«ጆሮዋ የደረቀ የወይራ ቅጠል። ጢሟ የቄስ። እግሯ ሸፋፋ...»