ጣሪያ የሌላቸው ዓምዶች

ቆመዋል ዓምዶቹ… ጣሪያ የላቸውም፣ የሚሸከሙት የላቸውም፣ ብቻ ቆመዋል።

በዮርዳኖስ፣ ከትንሿ ጀራሽ ከተማ ፎቆች ማዶ፣ በሮማውያን ፍርስራሽ መሀል፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ከዓረብ ጎብኚዎች ኋላ ኋላ ትሄዳለች አስካለ። የምታስጎበኛቸው ማዳም ሱሄላ ናት። ይህች የድንጋዩን ሁሉ ዕድሜ የምታውቅ፣ ይህች የሞቱ ነገሥታትን በስም የምትጠራ… አስካለን ግን ያላወቀች። ቤቷን ለዓመታት የጠረገችላትን አስካለን!

እንዴት ታውቃት? ፊቷን መች አይታው!

አስካለ ግን አልረሳችም። አገሯ ገብታ፣ ሱቅ ከፍታ፣ ደግሞ ቲኬት ቆርጣ የመጣችው ድንጋይ ለማየት አይደለም።

እናቷ ስትሞት ከአገር ቤት የተደወለው ለማዳም ነበር። የማዳም ልጅ ሠርግ ደርሷል፤ ሠራተኛዋ ለቅሶ ከተቀመጠች ማን ያበስላል፣ ማን ያጥባል? ዋጠችው ማዳም መርዶውን። ሠርጉ አለፈ… ዝም። ክረምቱ አለፈ… ዝም። በኋላ ወንድሟ ደውሎ፣ «ለእማዬ ሙት ዓመትም አትመጪም?» አላት።

መርዶዋ ይኸው ነበር።

አልረሳችም። ጥርሷን ነክሳ፣ አልረሳችም።

ጥንታዊው ቲያትር ደረሱ። ጎብኚዎቹ በድንጋይ መቀመጫው ላይ እስከ አናቱ ተደረደሩ። ማዳም መሀል ወለሉ ላይ ያለች አንዲት ድንጋይ አሳየቻቸው።

«እዚህች ላይ የቆመ ሰው ቢያንሾካሹክ እንኳ እላይ ድረስ ይሰማል። እስቲ ማን ይሞክር?»

ወረደች አስካለ። ድንጋይዋ ላይ ቆመች፤ መነጽሯን አወለቀች።

«አስካለ ነኝ፣ ማዳም» አለች፣ እዚያው ማዳም ቤት በለመደችው ዓረብኛ። «የእናቴን ሞት ለምን ደበቅሽኝ?»

አመድ መሰለች ማዳም። ሮጣ መጥታ ክንዷን ያዘች፤ ከዚያችው ድንጋይ ላይ ወጥታ፣ አሁን ራሷ ያስረዳችው ጠፍቷት፣ በጆሮዋ አንሾካሾከች።

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል… ከሠርጉ በኋላ ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ረሳሁት።»

ረሳሁት!

እላይ ድረስ ተሰማ። «ያ ሐራም፣ ምስኪን!» አሉ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት አሮጊት።

የአስካለ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ልትስቅ ነበር… እንባዋ ቀደማት። «እማዬ! እማዬን!» አለች፣ ያን ሁሉ ዘመን የታፈነው ለቅሶ ወጣ፤ ድንጋዩም ሳይሰስት እስከ አናቱ አደረሰው።

አሮጊቷ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከጎናቸው ያሉትም ተነሡ።

«ጉብኝቱ አልቋል! ወደ አውቶቡሱ!» አለች ማዳም።

ቆመዋል ሰዎቹ… ማዳምን የሚያያት የለም፣ የሚከተላት የለም፣ ለማያውቋት እናት ቆመዋል።